የእንድሪስ ሙሄ አፈ ወላጅ

እንድሪስ ሙሄ የጋሽ ደምሴን ግማሽ ጢም ላጭቶ ወደ ሌላው ግማሽ ሲሻገር የእጁ ጆሮ ጮኸች። ጊዜው 2068 ዓ.ም.፣ የካቲት፣ ማክሰኞ ጠዋት፤ ቦታው ኮምቦልቻ።

እንድሪስ ፀጉር አስተካካይ ነው። በመቀሱ የሚቆርጠው ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን የሚጨርሰው በምላሱ ነው። አንዴ ወሬ ከጀመረ፣ ደንበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ የተቆረጠው ፀጉር መልሶ ይበቅላል። ለዚህ ከቦርከና ወንዝ ግራና ቀኝ የሚኖር ሕዝብ በሙሉ ምስክር ነው። ከወሬው ሁሉ ደግሞ የሚበልጥበት የልጁ የሉባባ ወሬ ነው። የሉባባን ስም ያልሰማ ራስ ከዚያ ሱቅ ተላጭቶ ወጥቶ አያውቅም።

ጆሮ የሚሏት አንጓው ላይ የታሰረችው፣ አተር የምታክል አረንጓዴ መብራት ያላት ነገር ናት። በደንቡ ላይ ያላት ስም ሁለት መስመር ይፈጃል፤ ሰው ግን ጆሮ ብሎ ገላግሏታል። ልጅ ትምህርት ቤት ያለው ሁሉ ያስራታል። የምትፈታው ለእንቅልፍ፣ ለገላ መታጠብና ከሶላት በፊት ለሚደረገው እጥበት፣ ለውዱ ብቻ ነው።

ጆሮዋ መልእክቱን በለስላሳ የሴት ድምፅ አነበበች።

«የተከበሩ ወላጅ፤ ልጅዎ ሉባባ እንድሪስ፣ በእርስዎ ምስክርነት መሠረት፣ ከሰኞ ጀምሮ ከንባብ ማጠናከሪያ ክፍል ተሰናብታለች። ስለ ላቀ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።»

እንድሪስ መጀመሪያ ሳቀ። «ሰሙ ጋሽ ደምሴ? በእኔ ምስክርነት! መንግሥት እኔ ካልመሰከርኩ አንዲት ወንበር አያንቀሳቅስም!»

«መልካም ነው፤ አንተ ግን ጢሜን ጨርስልኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ መንገድ መሃል ላይ መቆም አይወዱም። ትንሽ ቆይተው ግን «ተሰናብታለች ነው ያለችው?» ብለው ጠየቁ።

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። ጋሽ ደምሴ በዚያ ቀን ግማሽ ጢማቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሉባባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ማንበብ አትችልም። ይህን የሚያውቁት አባቷ፣ እናቷ መሬማና መምህር ይርጋ ብቻ ነበሩ። በመደበኛው ክፍል ዘጠና ልጅ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይቀመጣል፤ የሚያስተምረው ግድግዳው ነው። ግድግዳው ጎበዝ ነው፤ ያልገባው ልጅ ቢኖርም ባይኖርም ትምህርቱን በሰዓቱ ይጨርሳል። ማጠናከሪያው ክፍል ግን በመንግሥት በጀት የቆመ ነው። አሥራ ሁለት ወንበርና አንድ በሕይወት ያለ መምህር አለው። መምህር ይርጋ የኮታቸው እጅጌ ጠመኔ የጠገበ ነው። ከልጅቷ አጠገብ ይቀመጡና ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አድርገው ይጠብቃሉ። ሥራቸው በአብዛኛው መጠበቅ ነው። እንደ እንድሪስ አባባል በመላው ወሎ ልጅን ለመጠበቅ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰባት ሰዎች ቢቀሩ ነው። ሉባባ ከመስከረም ጀምሮ በዚያ ጣት ሥር ከ«ሀ» ተነስታ «ተ» ደርሳ ነበር።

እንድሪስ ሱቁን ዘግቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

የወላጆች አዳራሽ አራት መቶ አሥራ ሁለት ወላጅ ይይዛል። አንድም ወንበር የለውም። ግድግዳው ላይ ሳሙና የሚያካክሉ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ሥር የወላጁ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። እነዚህ አፈ ወላጆች ናቸው፤ ጆሮ የለቀመችውን የወላጅ ንግግር አጠራቅመው በወላጁ ፈንታ ይናገራሉ። በወር አንድ ሰኞ ይሰበሰባሉ፤ አንድ ሰው አስነጥሶ «ይማርህ» እስኪባል ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ተወያይተው፣ ተከራክረው፣ ድምፅ ሰጥተው ይጨርሳሉ። ቃለ ጉባኤው አርባ ገጽ ይወጣዋል። በሩ ላይ «ወላጅ ያልተናገረበት ውሳኔ የለም» የሚል ተለጥፏል፤ እውነትም የለም።

የወላጅ መብት ባለሙያዋ ወይዘሪት ትርሲት በፈገግታ ተቀበለችው።

«ጋሼ እንድሪስ! እንኳን ደህና መጡ። ወላጅ በአካል ካየሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ እኮ። ሻይ ላስመጣልዎት?»

«ሻዩ ይቆይ የኔ ልጅ። ልጄን ከክፍል ያስወጣት ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ከሱቄ ንቅንቅ አላልኩም።»

«በዚህ ዓመት ስለ ሉባባ ከስድስት ሺህ ጊዜ በላይ ተናግረዋል። በተሳትፎ ከከተማው አንደኛ ነዎት። የምስክር ወረቀትዎ አልደረስዎትም?»

ደርሶታል። ሱቁ ውስጥ ከመስታወቱ በላይ ሰቅሎታል፤ የተሰጠው ለምን እንደሆነ ለሚጠይቀው ሁሉም በየቀኑ የተለየ ታሪክ ሲነግር ነበር።

ትርሲት ወደ ግድግዳው ወሰደችው። «አንዴ ሲጫኑት የአሁኑን ምስክርነት ይናገራል፤ ሁለቴ ሲጫኑት የቀድሞውን» አለችና አንዴ ተጫነችው። ከሳጥኑ ውስጥ የእንድሪስ ድምፅ ወጣ፤ ደረቱን የነፋ፣ ምላጭ እየሳለ የሚያወራ የሚመስል ድምፅ ነበር።

«እኔ እንድሪስ ሙሄ ነኝ፣ የሉባባ አባት! ልጄ እኮ ፊደል የጨረሰችው ጥርስ ሳታበቅል ነው። የሱቄን ማስታወቂያ በመስታወት ውስጥ ገልብጣ ታነባለች። ለመምህሩ ራሱ ያልገባውን የምታስረዳው እሷ ናት ወላሂ! እሷ ምን ማጠናከሪያ ያስፈልጋታል? ወንበሯን ለተቸገረ ልጅ ስጡልኝ።»

እንድሪስ የመጨረሻዋን ቃል አስታወሳት። በረመዳን ልጁ ወንበር ላጣበት ደንበኛ የተናገራት ናት። ደንበኛው በዚያ ቀን እጁን ስሞት ነበር የሄደው።

«ይሄ እኮ ጉራ ነው!» አለ። ይህን ቃል ስለ ራሱ ሲናገር በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር።

«ጉራ የሚል መደብ የለንም ጋሼ። ምስክርነት ነው ያለን።»

«እሺ፣ እዚሁ ቆሜ በገዛ አፌ ልናገር። ልጄ ማንበብ አትችልም። ጻፊው!»

«ተመዝግቧል» አለች ትርሲት የእጁን ጆሮ እያየች፤ «ግን አንድ ንግግር ነው። እዚያ ስድስት ሺህ አለ።»

«ስብሰባው ላይ ገብቼ ልናገርስ?»

«ሁለት ጊዜ መናገር ይሆንብናል። ለአንድ ወላጅ አንድ ድምፅ ነው። እንዲያውም ሕጉ የወጣው ለእናንተ ለሠራተኞቹ ነው፤ ፈረቃ ላይ ያለ ወላጅ ስብሰባ ስላልመጣ ድምፁ መቅረት የለበትም ተብሎ። ያኔ ፊርማ ተሰብስቦ አልነበር?»

ተሰብስቦ ነበር። ከላይ የመጀመሪያው የእንድሪስ ፊርማ ነው። ያንን ሕግ ብቻዬን አስወጣሁት እያለ ከተማውን ሦስት ዓመት ሙሉ አደንቁሯል።

ቤቱ ሲደርስ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አመለወርቅ ከመሬማ ጋር በር ላይ ቆማለች። የሷ ልጅ ፍሬሰላም እንደ ሬዲዮ ነው የምታነበው፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ለሰፈሩ አሮጊቶች ታነብላቸዋለች። ከሰኞ ጀምሮ የሉባባ ወንበር ለፍሬሰላም ተሰጥቷል።

«እኔ እኮ አልጠየቅሁም» አለች አመለወርቅ አንገቷን ደፍታ። «ሰው ፊት ልጅ ማመስገን እፈራለሁ። ዓይን እንዳይበላብኝ ብዬ "ተዉኝ እባካችሁ፣ ይህቺ ደንቆሮ ምን ታውቃለች" እላለሁ። እናቴም ስለ እኔ እንዲሁ ነበር የምትለው። ለካስ ይህ ሁሉ ይሰማል።»

«ወንበሩን መልሽላት ታዲያ!» አለች መሬማ።

«ብያለሁ እኮ። "ልጄ ታነባለች" ብዬ ዛሬ ጠዋት ተናገርኩ። አንድ ንግግር ነው አሉኝ።»

ይህን ሲሰማ ለእንድሪስ ነገሩ በራለት። በራለት ማለት እንግዲህ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የመጣው ጨለማ ሁሉ የመጣው በዚያ ብርሃን ነው።

በማግስቱ ሱቁ ሲከፈት ጋሽ ደምሴ በግማሽ ጢማቸው መጡ። እንድሪስ አረፋውን እየቀባ ጀመረ።

«ልጄ እኮ ጋሽ ደምሴ፣ ደነዝ ናት።»

«ማን? ሉባባ?»

«ሉባባ! "ሀ"ን ከጫማ አትለይም። ስሟን ጽፈው ቢያሳዩአት ጉንዳን መስሏት ትረግጠዋለች። ወላሂ፣ እንደሷ ያለ ራስ አላህ ሁለተኛ አልፈጠረም!»

ጋሽ ደምሴ በመስታወቱ ውስጥ አዩት። ትናንት ለፕሮፌሰርነት ሲያጫት የነበረ ሰው ነው። «አሞሃል እንዴ ልጄ?» አሉት።

አላመመውም። ልኩን ግን አያውቅም። እንድሪስ ሲያሞግስ ጣሪያ ይነቅላል፤ ሲያጣጥልም መሠረት ይቆፍራል። ሌላ አባት «ትንሽ ይከብዳታል» ብሎ በሚያቆምበት ቦታ፣ እሱ ልጅቷን ከበግ አሳንሶ፣ ከበግም ታማሚዋን መርጦ ነበር የሚጀምረው። በሳምንቱ ትርሲትን ጠየቃት። የቤት ንግግር ከሱቅ ንግግር አራት እጥፍ ይመዝናል፤ የቅርቡም ከሩቁ ይበልጣል አለችው። ስለዚህ ቤትም ጀመረ። እራት ላይ፣ ጠዋት ጫማዋን ስታስር፣ ቦርሳዋን ስትሸከም።

«አንተ ሰውዬ፣ እየሰማችህ ነው!» አለችው መሬማ።

«እንድትሰማኝ አይደለም» ሊል አፉን ከፈተና አንጓውን አይቶ ተወው። ይህ ለጆሮዋ ተብሎ የሚነገር መሆኑን ጆሮዋ ከሰማች፣ የተባለው ሁሉ ይሰረዛል።

ሉባባ አታለቅስም ነበር። ማንኪያዋን አስቀምጣ አባቷን በትኩረት ታየዋለች፤ መምህር ይርጋ ፊደል ሥር ጣታቸውን አድርገው ሲጠብቁ የምታይበት ዓይን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን መናገር ቀነሰች። በሦስተኛው ሳምንት «ውሃ ስጪኝ» ለማለት እንኳ ጣቷን ትቀስር ጀመር።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በፊት እንድሪስ ወንዝ ዳር ይዟት ወረደ። ጆሮዋን ለውዱ ፈታ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፣ ልጁን አሥር እርምጃ አራቃት። ለውዱ የተፈቀደው ስድስት ደቂቃ ነው።

«ሉቤ፣ የኔ ዓለም፣ ስሚኝ» አለ እየቸኮለ። «ቤት የምለው እውነት እንዳይመስልሽ። ለጆሮዋ ብዬ ነው። ወንበርሽን ለማስመለስ ነው። ውሸቴን ነው፣ እሺ?»

ሉባባ ውሃውን አየች። ፋብሪካዎቹ በዚያ ቀን ሰማያዊ ቀለም ነበር የለቀቁበት።

«ውሸትህን ነው?»

«ውሸቴን ነው!»

«እሺ። በፊትስ፣ በመስታወት ታነባለች የምትለው ለማን ነበር?»

እንድሪስ ሙሄ አርባ ስድስት ዓመት በዚህ ምድር ላይ ሲኖር፣ ዳኛ ፊትም፣ አማቱ ፊትም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጅብ ፊትም (በራሱ አነጋገር ሦስት ጅብ ፊት) መልስ አጥቶ አያውቅም። እዚያ ወንዝ ዳር ግን አጣ። ከድንጋዩ ላይ ጆሮዋ ጮኸች፤ ስድስት ደቂቃው አልቋል። ውዱ ሳያደርግ አሰራት።

ውሳኔው በግንቦት መጀመሪያ መጣ። ድምፁ ያው የለስላሳዋ ሴት ድምፅ ነበር።

«የተከበሩ ወላጅ፤ በእርስዎ ምስክርነት መሠረት ልጅዎ ሉባባ እንድሪስ ከድጋፍ ተጠቃሚ መሆን የማትችል ሆና ስለተገኘች፣ ከንባብ ትምህርት ወጥታ በእጅ ሥራ መስመር ተመድባለች። ስለ ላቀ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።»

እንድሪስ አዳራሹ ሄዶ ሳጥኑን አንዴ ተጫነው። የራሱ ድምፅ፣ ያው ደረቱን እንደ ነፋ፣ «"ሀ"ን ከጫማ አትለይም!» ሲል አስተጋባ። «አስተማሪ አታድክሙባት፤ ከግንብ ጋር ማውራት ነው ወላሂ!» ሌላ ወላጅ ልጄ ይቸግራታል ብሎ ወንበር ሲያገኝ፣ የእሱ ሳጥን ልጅቷን ከወንበሩም ከክፍሉም አሳልፎ ወርውሯት ነበር።

ትርሲት ሻይ አመጣችለት፤ በዚህኛው ጊዜ ጠጣው። ደግ ልጅ ናት፤ ደንቡን ሁለት ጊዜ አነበበችለት።

«አንድ መንገድ አለ ጋሼ። የዝምታ ይግባኝ ይባላል። ስለ ልጅቷ ክፉም ደግም ሳይናገሩ አርባ ቀን ከቆዩ መዝገቡ ባዶ ይሆናል። ባዶ መዝገብ ያላት ልጅ ለመስከረም ተራ ትይዛለች።»

«ወንበር ታገኛለች?»

«ተራ ትይዛለች።»

«አርባ ቀን ዝም?»

«አንዲት ቃል ካመለጠችዎት ከአንድ ይጀምራል።»

መጀመሪያ ስድስተኛው ቀን ላይ ወደቀ። አንድ ደንበኛ «ልጅህ እንዴት ናት?» አለው፤ «ደህና ናት» ብሎ መለሰ። ጆሮዋ ጮኸች፤ ከአንድ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ሱቁ በር ላይ «ስለ ልጅ አትጠይቁኝ» ብሎ ጽፎ ለጠፈ። ደንበኛው ቀስ በቀስ ቀነሰ። ሰው ወደ እንድሪስ የሚመጣው ለፀጉሩ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታወቀ። ጋሽ ደምሴ ብቻ አልቀሩም፤ መጥተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ እሱም ዝም ብሎ ይላጫቸዋል፤ የኮምቦልቻ ዝንቦች እንኳ ያን ሱቅ መቃብር ቤት ነው ብለው ሸሹት።

ሉባባ በእጅ ሥራ መስመር የማዳበሪያ ከረጢት አፍ የሚታሰርበትን ገመድ ትገምዳለች። የጣቶቿ ጫፍ እንደ ሊጥ ነጥቶ ተላጠ። እንድሪስ ጣቶቿን እያየ ቃሉን ይውጣል። ስለ ጣቶቿ መናገር ስለ እሷ መናገር ነው።

ሠላሳ አራተኛው ቀን ሰኔ አጋማሽ ላይ ዋለ። ዝናብ ስለጣለ ሊወስዳት ትምህርት ቤት ሄደ። በገመዱ ክፍል አልነበረችም። ዘበኛው «በእረፍት ሰዓት ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ነች፤ አያዩዋትም እንዴ?» አለው። ጆሮ ሳያስሩ በግቢው በር አይገባም፤ መብራቷ አረንጓዴ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ሉባባ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ሳጥኖች አንዱ ፊት ናት። ጣቷን ከስሙ ሥር አድርጋለች፤ የመምህር ይርጋ ጣት እንደሚቀመጠው አድርጋ። ትጠብቃለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በየፊደሉ እያረፈች፣ በደረቀ ድምፅ፣

«እ… ን… ድ… ሪ… ስ» አለች። አፏን ዘጋች። እንደገና ከፈተችው። «እንድሪስ።»

ማንም አላስተማራትም። «ተ» ላይ ነበር የቆመችው። ሳጥኑ ስሙን ሲናገር እየሰማች፣ ከሥሩ ያለውን እያየች፣ ሃያ ጊዜ፣ መቶ ጊዜ፣ ስንት እረፍት ሙሉ። ሳጥኑ ይጠብቃታል፤ አይቸኩልም።

እንድሪስ ዕድሜውን ሙሉ ካወራው ሁሉ ይህ አንዱ እውነት ነበር። በዚህ አንድ ነገር ብቻ ኮምቦልቻን ማስጮህ፣ ደሴ ድረስ መሰማት፣ ጋሽ ደምሴን ከአልጋቸው ማስነሳት ይችል ነበር። ልጄ አነበበች! አፉ ተከፈተ። አንጓው ላይ አረንጓዴዋ መብራት ዓይኗን አፍጥጣለች። ስድስት ቀን ቀርቶታል።

አፉን ገጠመው።

ሉባባ ዞር ብላ አየችው። ሊቆይ ይሁን ሊሄድ እንዳላወቀ ሰው በሩን ይዞ ቆሟል።

«አባ፣ ሰማኸኝ?»

ራሱን ነቀነቀ። ቀረብ ብሎ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አደረገ። ጆሮ እጅን አትሰማም። ሉባባ ከእጁ ሥር ሆና ጠበቀችው። ብዙ ጠበቀችው፤ መጠበቅ ተምራለች።

«ተወው» አለች በመጨረሻ፤ ያለ ቂም፣ ዕቃ ከባድ ለሆነበት ሰው እንደሚባለው። «እሱ ይነግረኛል።»

ወደ ሳጥኑ ዞራ ሁለቴ ተጫነችው።

«እኔ እንድሪስ ሙሄ ነኝ፣ የሉባባ አባት!» አለ ግድግዳው በደስታ። «ልጄ እኮ…»